መልስ፦ ፊልም ብቻ የሚችለው ምንድን ነው?

«ፊልም ቲያትርም ልብ ወለድም የሌላቸው ምን አለው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው «ምስልና ድምፅ አንድ ላይ» ብሎ ይመልሳል። እሱማ ቲያትርም ጋ አለ! የፊልም የራሱ ጉልበት ኤዲቲንጉ (የተቀረጹ ምስሎችን ቆርጦ መገጣጠሙ) ላይ ነው።

ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት በፊት ገደማ የሞከረውን እንይ። ምንም ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አገጣጠመው። ፊቱ ያው አንድ ነው፤ ተመልካች ግን መጀመሪያ ረሃብ፣ ቀጥሎ ሐዘን ያነብበታል። ትርጉሙ ያለው የሁለቱ ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው ምስሎች) መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ለብቻቸው ሲታዩ አይገኝም።

ግን ሾቶችን እንዳገኙ ማጋጠም አይደለም። አንዱን ሰው በሁለት ተከታታይ ሾት ሲያሳዩ ካሜራው ቢያንስ 30 ዲግሪ ካልዞረ ወይም የሾቱ መጠን (ሰውዬው የሚታይበት ቅርበት) በደንብ ካልተቀየረ፣ ሰውዬው ባለበት የዘለለ ይመስላል። ድምፅም ይረዳል፦ የሚቀጥለውን ትዕይንት ድምፅ ከምስሉ 12 ፍሬም (ፊልሙ የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ያህል ቀድመው ያስገቡት። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን ይህ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ጆሮ ቀድሞ ስለሚሻገር ዓይን መጋጠሚያውን ልብ አይለውም።

ሌላው የፊልም ጉልበት ክሎዝ አፕ (ፊትን በጣም አቅርቦ ማሳየት) ነው። መድረክ ላይ ስሜት እስከ ኋላ ወንበር መድረስ አለበት፤ እዚህ የዓይን ሽፋን መርገብገብ ይበቃል። ከመድረክ የመጡ ተዋንያን የሚቸገሩትም በዚሁ ነው፤ የለመዱት እንቅስቃሴ ሌንስ ፊት ይጋነናል።

የገጸ ባሕርይ ሐሳብ ውስጥ መግባት ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብ ወለድ ይበልጣል። ያንን በተራኪ ድምፅ ለማካካስ ሲሞከር አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ የተናገረውን መድገም ይሆናል።