ሞን ሳን ሚሼልን ለማየት አቭራንሽ እደሩ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኖርማንዲ፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ የባሕር ዳርቻ አለት ላይ የተሠራውን የቅዱስ ሚካኤል ገዳም፣ ሞን ሳን ሚሼልን፣ ለማየት የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከፓሪስ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይበቃል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን አልመክርም። ፈጣኑ ባቡር ከሞንፓርናስ ጣቢያ ሬን ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራል። የምትደርሱት አለቱ ላይ ወደ ገዳሙ የሚወስደው ጠባቡ ዋና መንገድ በሰው ሲጨናነቅ ነው። በአካባቢው ባለችው ከተማ፣ አቭራንሽ፣ አንድ ሌሊት እደሩ።

ጥያቄ፦ ለምን አቭራንሽ? ፖንቶርሶን አትቀርብም?

መልስ፦ ትቀርባለች፤ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማደሪያ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ትበቃችኋለች። ታሪኩ የሚጀምረው ግን አቭራንሽ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ708 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ሚካኤል ለከተማዋ ጳጳስ ለኦቤር በሕልም ተገልጦ አለቱ ላይ ቤተ መቅደስ እንዲሠራ አዘዘው። ጳጳሱ ሁለት ጊዜ ቸል አለ። በሦስተኛው መልአኩ የጳጳሱን የራስ ቅል በጣቱ ነክቶ በሳው። የኦቤር ነው የሚባለው የራስ ቅል፣ ቀዳዳው ሳይቀር፣ ዛሬም በከተማዋ በሳን ዤርቬ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ብራና ለምንወድ ደግሞ ሌላም አለ። የገዳሙ መጻሕፍት በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ወደ አቭራንሽ ተወስደዋል። ከመካከለኛው ዘመን የተረፉት ብራናዎች 200 ያህል ናቸው። ስክሪፕቶሪያል በሚባለው ሙዚየም ጥቂቶቹ ለዕይታ ይቀርባሉ። በግዕዝ ብራና መሐል ያደገ ሰው እዚያ ቶሎ አይወጣም። ገዳሙን አይቶ መጻሕፍቱን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለሚካኤል ብለው ነው የሚሄዱት። ይችሉታል?

መልስ፦ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ አካባቢ በነጻ የሚያመላልስ አውቶቡስ አለ። ላይ ወዳለው ገዳም ለመውጣት ግን 350 ያህል ደረጃ አለ፤ እናትዎን አያስገድዷቸው። ታች፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ውስጡ በብር የተለበጠ የመልአኩ ሐውልት ስላለ እዚያ ይጸልዩ። ሲመለሱ አቭራንሽ በሚገኘው የዕፅዋት መናፈሻ ቁጭ ይበሉ። ገዳሙ ከሩቅ ወለል ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግር መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ያለ መሪ በፍጹም! የባሕሩ ሙላትና ሽሽት በሚያይልበት ቀን የውሃው ከፍታ ልዩነት ወደ 14 ሜትር ይደርሳል። እግር የሚውጥ አሸዋም አለ፤ ጭጋግም ድንገት ይወርዳል። ዤኔ ከምትባለው መንደር ፈቃድ ካላቸው መሪዎች ጋር ውጡ። በባዶ እግር ነው የሚኬደው።

ጥያቄ፦ ውሃው ገዳሙን ሲከበው ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ በየቀኑ አይከበውም። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ ስትሆን፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይሞክሩ። ሰዓቱን የሚያሳየው ሠንጠረዥ ቱሪስት ቢሮው ጋር አለ። ሆቴል ከመያዝዎ በፊት እሱን ይዩ።

ጥያቄ፦ ምን እንብላ?

መልስ፦ የፍስክ ጊዜ ከሆነ በባሕሩ ዳር ጨዋማ ሣር ላይ የሚሰማራውን የበግ ሥጋ። ከዋናው መንገድ ይልቅ አቭራንሽ ወይም ፖንቶርሶን ብሉት።