ቤተ ሙከራ የለም ብለህ ፊዚክስህን አትተወው

ሰላም ወንድሜ። ዘንድሮ በፊዚክስ ትመረቃለህ። የምትወደው ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የሥራ ሳይንስ) በጣም ጥቃቅን ነገሮች ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ነው፤ ግን ዩኒቨርሲቲህ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሌዘር የለም። አባትህ «ይሄ እንጀራ አይሆንም» ብለው አካውንቲንግ እንደ አዲስ እንድትጀምር ይፈልጋሉ፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህትህ ደግሞ ልከፍልልህ ብላለች። እንግሊዝኛህም ያሳስብሃል።

የቤተ ሙከራው ነገር ላይ ልቆይ። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህች ሰበብ ሲተው አይቻለሁ፤ ያናድደኛል።

እ.ኤ.አ. በ2002 አውስትራሊያ ካንቤራ ያሉ ተመራማሪዎች 6 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ስድስት ሺኛ) ገደማ የምትሆን የላቴክስ ቅንጣት ውሃ ውስጥ በሌዘር ወጥመድ ይዘው ጎተቱ። አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ወደኋላ ይይዛታል፣ የወጣው ሥራም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንዳንዴ ግን የውሃው ሞለኪውሎች በዘፈቀደ ሲገፏት ራሳቸው ወደፊት ይወስዷታል። ለአጭር ጊዜ፣ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ኢንትሮፒ (የመዘበራረቅ መለኪያ) ሲቀንስ ታየ። ኢንትሮፒ በራሱ አይቀንስም የሚለው የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ በአማካይ እንደጸና ነው፤ ትልቅ ነገር ላይ ሞለኪውሉ እጅግ ስለሚበዛ መዋዠቁን አናየውም።

ሙከራው ሌዘር ይፈልጋል። ስሌቱ የሚፈልገው ላፕቶፕ ብቻ ነው። የላንዠቫንን እኩልታ (በዘፈቀደ የምትገፋን ቅንጣት እንቅስቃሴ የሚገልጸውን) ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ጻፍ፣ ሠላሳ መስመር ቢሆን ነው። በየእርምጃው ለቅንጣቷ የዘፈቀደ ግፊት ስጣት፣ ወጥመዱን ጎትት፣ የወጣውን ሥራ መዝግብ፣ ሺህ ጊዜ ድገመው። ከዚያ የፊዚክስ ተመራማሪው ጃርዚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውን እኩልነት ፈትሽበት። የቱንም ያህል ፈጥነህ ብትጎትት፣ ሥራዎቹን በኤክስፖኔንሻል አድርገህ (ሥራው ሲያንስ ክብደቱ እንዲበዛ) አማካይ ስትወስድ የነፃ ኢነርጂው (ለሥራ ሊውል የሚችለው ኢነርጂ) ልዩነት መውጣት አለበት፤ ወጥመዱን ከቦታ ቦታ ብቻ ስታንቀሳቅስ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ መልሱን አስቀድመህ ታውቀዋለህ። ቀስ ስትል ይመጣል። ስትፈጥን ግን ሺህ ድግግሞሽ አይበቃምና ይዛባል። ለምን? አማካዩን የሚወስኑት ትንሽ ሥራ የፈጀባቸው በጣም ጥቂት ጉዞዎች ስለሆኑ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከሺህ ውስጥ አንዴም ላይመጡ ይችላሉ።

ይህን በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው የሚፈልገው ቀጣሪ አለ። ኢንሹራንስ ላይ ዓመቱን የሚያከስረው ጥቂቱ ትልቅ ካሳ ነው፣ ባንክም ላይ ጥቂቱ የተበላሸ ትልቅ ብድር። እኔ ፊዚክስ ተምሬ እንጀራዬን የምበላው ባንክ ውስጥ ዳታ በመተንተን ነው። ሰው ስንቀጥር ከዲግሪው በፊት የጻፈውን ኮድ አሳየኝ እላለሁ።

አባትህን በአክብሮት፣ ግን ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። እንደገና ዓመታት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ደመወዙን ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም። የእህትህን ገንዘብ ደግሞ እንዳትነካ! በዚያ ሙቀት ያጠራቀመችው ለራሷ መመለሻ ነው፣ እሷ ብትልህም እሺ አትበል። መማር ከፈለግክ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ጣልያን ትሪየስት ላይ የመሠረተው የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል አይሲቲፒ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። አሜሪካም የፊዚክስ ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ እየተከፈለህ የምትማረው ነው። ክፈል የሚልህን ትምህርት ቤት እለፈው።

እንግሊዝኛህን ለማሻሻል የኮድህን ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ጻፍ። ሲያልቅ የቀስታውንና የፈጣኑን ግራፍ ጎን ለጎን አድርገህ ላክልኝ፣ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልሃለሁ።