የራምፕ ተዳፋትና የሕንፃ ሹም፦ በአዲስ አበባ ስለ አካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ጥያቄና መልስ

ሙያዬ ሥነ ሕንፃ በመሆኑ፣ በዚህ የውይይት ቡድን ለአባላት የምመልሰው ስለ ሕንፃና ስለ መንገድ ብቻ ነው፤ የሕክምናና የጡረታ ጥያቄ ያላችሁ ለሚመለከተው ባለሙያ አቅርቡ።

ጥያቄ፦ የወረዳችን ጽሕፈት ቤት ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት) ሠርቷል፤ ወንድሜ ግን ዊልቸሩን ብቻውን ሊያወጣበት አልቻለም። ጉድለቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሜትር ይዘው ይለኩ። በሙያው የታወቀው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ቁመታቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ደረጃዎች ያሉት መግቢያ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ራምፑ 7 ሜትር ከ20 ሊረዝም ይገባዋል። እኔ አዘውትሬ የማየው ግን ከደረጃው ጎን የተለጠፈ የ2 ሜትር ሲሚንቶ ነው፤ ይህ ለዕቃ መጎተቻ ይሆን እንደሆነ እንጂ ሰው አይወጣበትም። በዚያ ላይ ከበሩ ፊት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ጠፍጣፋ ቦታ ካልተተወ፣ ሰውየው በሩን ለመክፈት አንድ እጁን ከጎማው ባነሳ ቁጥር ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ለማሳመር የተነጠፈ ልሙጥ ሴራሚክ ደግሞ በክረምት ለጤነኛውም አደጋ ነው። የችግሩ ሥር፣ ራምፑ የሚታሰበው ሕንፃው ካለቀና ቦታው እስከ አጥሩ ድረስ ከተያዘ በኋላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መፈተሽ ያለበት በግንባታ ፈቃድ ጊዜ፣ በወረቀት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉ ያስገድዳል ወይስ ምክር ነው?

መልስ፦ ያስገድዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚከብዳቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ሁሉም የሚረሳው የዚሁ አንቀጽ ሌላ ግዴታ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ገብቶ መጸዳጃ ያጣ ሰው ጉዳዩን ሳይጨርስ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ራምፕ ማሠራት ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ሳይለካ ዋጋ አይነገርም።

አንድ አባል፦ እውነቱን እንነጋገር፤ በእኛ ሕንፃ በዊልቸር የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ለማን ነው የሚሠራው?

ሌላ አባል፦ ደረጃውን አይቶ ከመንገድ የተመለሰውን በምን ሊያዩት ይችላሉ? እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለተኛ ፎቅ ያለ ጉዳያቸውን የምጨርሰው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው አባል፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ እኔ ያነሣሁት የወጪውን ነገር ነው።

መልስ፦ በፕላን ላይ የታሰበ ራምፕ ወጪው ትንሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው አፍርሶ መሥራቱ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶች ላይ የሚታዩት ሸካራ ንጣፎች ጥቅማቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለዓይነ ስውራን ናቸው። ረጃጅሙ መስመር «ቀጥል»፣ ክቡ ነጠብጣብ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ሐሳቡ የጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ ነበር። ንጣፉ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ስለሆነ፣ መስመሩ ላይ ሞተር ማቆም ወይም ዕቃ መዘርጋት ገጹን መቅደድ ነው። ከተማው በ2016 ዓ.ም. የጀመረው ሥራ መንገዱን አስፍቶታል፤ ሆኖም ሰፊ መንገድ አቋርጦ ደረጃ ብቻ ወዳለው በር መድረስ ተደራሽነት አይባልም። የመንገዱ ሠራተኛና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም አንድ ፕላን ማየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣስ?

መልስ፦ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ ሲያዝ ቆይቷል። ዝርዝሩን የከተማውን የቤቶች መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኛም ሕንፃ ራምፕ አስቸጋሪ ነው፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ከላይ መልሻለሁ። «አስቸጋሪ» ልኬት አይደለም። ለክፍለ ከተማው የሕንፃ ሹም በጽሑፍ ስታመለክቱ ከፍታውንና ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ ያለ ሁለቱ ቁጥሮች ማመልከቻው ከቅሬታ አያልፍም።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ለካሁ። ራምፑ 3 ሜትር ነው፤ ደረጃው 5 ነው።

መልስ፦ የአንዱ ደረጃ ቁመትስ?