ከድሬ ሐረር ለመጣችው እህታችን፣ ያለ ወተት ስለሚሰራ ክሬሚ የአትክልት ሾርባ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከድሬ በስራ ተዛውረሽ ሐረር ገብተሽ፣ ብርዱ አላስቀምጥ ብሎሽ፣ የገና ጾም ላይ ሆነሽ፣ ልጅሽም ወተት አልስማማት ብሏት፣ «ከስራ ገብቼ በቶሎ የማደርሰው ሆቴል እንደሚሰሩት ክሬሚ የሆነ የአትክልት ሾርባ ያለ ወተት እንዴት ልስራ፣ እኔ ስሰራው ውሃው ለብቻ አትክልቱ ለብቻ ይሆንብኛል» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ግማሾቹ የኮኮናት ወተት ግዢ፣ ግማሾቹ ዱቄት በጥብጪበት ብለዋል፣ እኔ በሁለቱም አልስማማም፣ እዚሁ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ትንሽዬ ቁርስ ቤት ነበረችኝ፣ ጾም ሲገባ በጠዋቱ የምሸጠው ይሄንኑ ሾርባ ስለነበር የማውቀውን በሰፊው ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወተት የሚተካ ነገር መፈለጉን ተይው። ክሬም ሾርባ ውስጥ ገብቶ የሚሰራው ቅባት መስጠትና ማወፈር ነው፣ ሁለቱንም አትክልቱና ዘይቱ ራሳቸው ይሰሩታል፣ ውሃ ካላበዛሽባቸው። የብዙ ሰው ሾርባ የሚለያየው እኮ ድስቱን ሙሉ ውሃ አድርገው ሁለት ካሮትና አንድ ድንች ጣል ያደርጉበታል፣ ከዛ አልወፍር ሲል ዱቄት፣ ያ ደግሞ የበሽተኛ አጥሚት መሰለ ማለት ነው። ውሃው አትክልቱን እኩል ከሸፈነው በቃ። ከተፈጨ በኋላ ከወፈረ ትጨምሪበታለሽ፣ ከቀጠነ ግን እሳት ላይ አቁሞ ውሃው ተኖ እስኪወፍር መጠበቅ ነው፣ አንቺ ደግሞ በቶሎ ነው ያልሽው።

ሰሞኑን የሚሻለው ዱባ ነው። ሸዋ በር ገበያ ስትሄጂ ቆርጠው የሚሸጡትን ሴቶች ታገኛለሽ፣ ውስጡ ደማቅ ብርቱካናማ የሆነውንና ሲነኩት ጠጠር የሚለውን ምረጪ፣ ውስጡ ነጣ ብሎ ክር ክር የሚለው ውሃ ነው የሚሆነው ጣዕምም የለው። ድንችና ካሮት ከአለማያ በኩል የሚገባው ጥሩ ነው፣ በመደብ ነው የሚሸጡልሽ፣ ትንንሹን ድንች አትናቂው ልጣጩ ያስቸግራል እንጂ ለሾርባ ምንም አይልም። ዱባ ካጣሽ ስኳር ድንች ይሆናል፣ ሐረርጌ ስኳር ድንች ጠፍቶ አያውቅም፣ ግን ስለሚጣፍጥ ካሮቱን ቀንሺና ሎሚ ጨምሪ። አበባ ጎመን ካገኘሽ ነጭ ሾርባ ይወጣዋል፣ እንግዳ ሲመጣ አሪፍ ነው። ዝኩኒ ግን ብቻውን አይሆንም ውሃ ነው።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ የተላጠ ዱባ፣ 2 መካከለኛ ድንች፣ 2 ካሮት፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃ ወደ አንድ ሊትር። ዘይቱ በዛ ብለሽ እንዳትቀንሺው፣ ክሬሙ እሱ ነው፣ ሲፈጭ ከአትክልቱ ጋር ተመትቶ ሾርባውን ያነጣዋል ያለሰልሰዋል። ሽንኩርቱን በዘይቱና በትንሽ ጨው ቀስ ባለ እሳት አብስይው፣ እንደ ወጥ ሽንኩርት እስኪቀላ አታቁላዪው፣ ልስልስ ብሎ ብርሃን ሲያስተላልፍ በቃው። እዚህ ላይ ሰባት ስምንት ደቂቃ አትሰስቺ፣ ጥሬ ሽንኩርት ውሃ ውስጥ የተቀቀለበት ሾርባ በምን ቢያጣፍጡት ያው ነው ይሸታል። ከዛ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን፣ ትንሽ እርድ፣ ወዲያው አትክልቱን ጨምሪና አንድ ሁለቴ አማስለሽ የፈላ ውሃ አድርጊበት። ውሃውን ጎን ላይ በማንቆርቆሪያ ካፈላሽው ጊዜ ትቆጥቢያለሽ።

አትክልቱን ትንንሽ አድርገሽ ክተፊ፣ ጣት ጫፍ ታህል ከሆነች ክዳን ገጥመሽ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ደግሞ አንድ ነገር፣ ድሬ የለመድሽው ሰዓት እዚህ ላይሰራልሽ ይችላል። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ድሬ ደግሞ 96 አካባቢ፣ ስለዚህ ያው ድንች እዚህ ትንሽ ይዘገይብሻል፣ ባቄላና አተር ላይማ በደንብ ይታወቃል። ሰዓት አትቁጠሪ፣ ካሮቱን በማንኪያ ጀርባ ተጫኚው፣ ያለ ምንም ትግል ከተደፈጠጠ ደርሷል። ካሮቱ ነው የመጨረሻ የሚበስለው፣ እሱ ጠጠር ካለ ስትፈጪው እንክብል እንክብል ይልና ምላስ ላይ ይሻክራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ኦቾሎኒ። ሐረር ተቀምጦ የኮኮናት ወተት ቆርቆሮ ፍለጋ መዞር ለኔ አይገባኝም፣ ባቢሌ እኮ እዚሁ ጅጅጋ መንገድ ላይ ናት፣ የሀገሩ ሰው ሁሉ የባቢሌ ኦቾሎኒ ይላል፣ እኛ እቤታችን አጠገብ ስላለ ንቀነዋል። የተቆላ ሁለት ጭብጥ ያህል ገለባውን አሽተሽ አራግፊና ፍጪው፣ ሙቀጫም ይሆናል። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ይጣበቃል ይጓጉላል፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይተወዋል፣ አትተዪው፣ ትንሽ ስትቀጥዪ ዘይቱ ይወጣና ራሱ ይላላል። ከዚህ 3 ወይ 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃሻል፣ የተረፈው በብልቃጥ ይቀመጣል፣ ለጠዋት ዳቦም ይሆናል።

በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ግን ጣል እንዳታደርጊው፣ ተጓጉሎ ታች ይቀመጥና ይይዛል። ስኒ ውስጥ አድርጊውና ከሾርባው ትኩሱን በጭልፋ ትንሽ ትንሽ እያፈሰስሽበት ምቺው። በመጀመሪያዋ ጭልፋ ይባስ ይጠጥራል፣ ሊጥ ሆኖ ማንኪያውን ይይዘዋል፣ አትደንግጪ፣ ሁለተኛዋን ስትጨምሪ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል፣ በሶስተኛዋ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይሆንልሻል። እሱን ነው የተፈጨው ሾርባ ላይ የምታፈሺው። ከዛ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገሽ ሁለት ሶስት ደቂቃ ብቻ፣ ቡል ቡል ካለ ዘይቱ ይለይና ከላይ ይንሳፈፋል። ጨው የምትጨርሺው እዚህ ጋ ነው፣ ቁንዶ በርበሬም፣ ሎሚ ደግሞ ካወረድሽው በኋላ፣ ግማሽ ሎሚ። ሎሚ ያልገባበት የዱባ ሾርባ ጣፍጦ ጣፍጦ ይሰለቻል። የድንብላል ቅጠል ካለሽ ከላይ በተን፣ አንቺ የድሬ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ ቢስባሱን ጎን ላይ ማስቀመጥሽን አልጠራጠርም አቦ፣ ልጅቷ ስለምትበላ ድስቱ ውስጥ ብቻ አትጨምሪው።

ኦቾሎኒ ስትገዢ ግን እይ። የጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ ያለበት ወይ መረር የሚል ካለ አውጥተሽ ጣዪው፣ ለቁጠባ ብለሽ አትቀላቅዪ። ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው ጉበት ይጎዳል፣ እሱን ደግሞ ቆላሁት አፈላሁት ብለሽ አታጠፊውም። የተፈጨውን ከገበያ ከመግዛት ፍሬውን አይቶ መግዛት የምለው ለዚህ ነው፣ ከተፈጨ በኋላ ምን እንደገባበት አይታይም።

መፍጨቱ ላይ፣ ጁስ መፍጫ ካለሽ ትኩሱን ሙሉ እንዳትሞዪው፣ እንፋሎቱ ክዳኑን ያፈናጥረዋል ፊት ያቃጥላል፣ ከግማሽ በታች አድርጊ፣ የክዳኗን ትንሿን ቡሽ ክፍት አድርገሽ በፎጣ ያዣት፣ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ይመረጣል። ዱባና ካሮቱ ቢፈጭ ቢፈጭ እየለሰለሰ ነው የሚሄደው፣ ድንች ግን አይወድም፣ ብዙ ከተፈጨ ስታርቹ ይወጣና ሙጫ ይሆናል፣ ሾርባው ከማንኪያ ላይ እንደ ክር ይጎተታል። እኔ ድንቹን በጭልፋ ለይቼ አወጣና በእጅ ደፍጥጬ እመልሰዋለሁ፣ ካልሆነልሽ መጨረሻ ላይ ጨምረሽ አንዴ ብቻ አዙሪው። መብራት ከጠፋ ደግሞ (መቼም ይጠፋል) ወንፊት ላይ አድርገሽ በጭልፋ ጀርባ እያሸሽ ማሳለፍ ነው፣ ክንድ ያደክማል እንጂ ከማሽኑ የተሻለ ልስላሴ አለው። ለዛ ሲባል ዱባውን ከድንቹ አብልጪ፣ ዱባ በሹካም ይፈርሳል።

ኦቾሎኒ የማትፈልጊ ከሆነ አንድ ጭብጥ ሩዝ ከአትክልቱ ጋር አብስዪና አብረሽ ፍጪው፣ በጣም ክሬሚ ያደርገዋል ማንም አያውቅብሽም። ምስር ክክም እንደዛው፣ ቶሎ ይበስላል፣ ያጠግባልም፣ ጣዕሙ ግን ወደ ወጥ ይሄዳል፣ እኔ ከካሮት ጋር ብቻ ነው የምወደው። ጎረቤቶችሽ ረመዳን ላይ ሹርባ ሲሰሩ አጃ እንደሚጨምሩት ሁሉ አንቺም አንድ ጭብጥ አጃ ብትጥዪበት ራሱ ያወፍርልሻል መፍጨትም ላያስፈልግ ይችላል። ሱፍ የምትወጂ ከሆነ ለፍትፍት እንደሚደረገው ወቅጠሽ አጥልለሽ ነጩን ውሃ ብትጨምሪበት ከድንችና ከባሮ ሽንኩርት ጋር የሚያክለው የለም፣ ግን እሱ የእሁድ ስራ ነው ከቢሮ ገብተሽ አይሆንም። የኮኮናቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ድሬ ስትሄጂ ሱቆቹ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ከዱባና ዝንጅብል ጋርም ይስማማል፣ ብቻ ውድ ነው፣ ጣዕሙም ሁሉን ይሸፍንብሻል።

ለጾምም ለልጅሽም ብለሽ ከሱቅ የምትገዢውን አንብቢ። ለቡና የሚደረገው የዱቄት ክሬመር ወተት አይደለም ተብሎ ይሸጣል፣ ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው ካዜኔት የሚባል አለ፣ የወተት ፕሮቲን ነው እሱ። ማርጋሪን ላይም አንዳንዱ ወተት ነክ አለበት። የሾርባ ኩቡ ደግሞ የዶሮ ስብ ያለበት አለ፣ አትክልት የሚል ፎቶ ስላለበት ብቻ አትመኚው። እኔ ኩብ አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ ጨውና ሎሚ ይበቃዋል።

ልጅቷን በተመለከተ፣ አልስማማት አለ ያልሽው ሆድ መንፋትና ተቅማጥ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ሰውነት ማበጥና ሽፍታ ከሆነ ሌላ ነው፣ ሀኪም ይለይልሽ። የግመል ወተት ይሻላታል የሚሉሽ ይኖራሉ እዚህ አገር፣ እሱም ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አለው፣ በራስሽ አትሞክሪው። ኦቾሎኒም ከዚህ በፊት ቀምሳ የማታውቅ ከሆነ ሾርባውን ያለሱ አውጪላት፣ ሌላ ቀን በጠዋት፣ አንቺ እቤት ሆነሽ፣ ጥቂት አቅምሰሽ እያት። አለርጂ ያለባትማ ከሆነ ቀድመሽ ሀኪሙን ጠይቂ። ፍሬውን ሳይፈጭ ለትንንሽ ልጅ መስጠት ግን በፍጹም፣ ያንቃል።

ለነገ ይቀመጣል ወይ ላልሽው፣ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን ይቆያል። ውጭ ብርድ ነው ብለሽ ድስቱን ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ አትተዪው፣ ድሬማ ከሰዓት የሰራሽው ማታ ይኮመጥጣል ታውቂዋለሽ። ሲያድር ይጠጥራል፣ ስታሞቂው ትንሽ የፈላ ውሃ አድርገሽ እያማሰልሽ በቀስታ፣ ቢሮ የምትወስጂው ከሆነ ደግሞ ጠዋት በደንብ አፍልተሽ ፔርሙስ ውስጥ፣ ፔርሙሱን ቀድመሽ በፈላ ውሃ አሙቂው። ሎሚውን ለብቻ ያዢና ስትበዪ ጭመቂበት።