«ቀጥቃጭ ሆነህ ልትቀር ነው?»

ከደብረ ማርቆስ የተላከ ደብዳቤ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ከረመ። ጸሐፊው የ22 ዓመት ወጣት ነው። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ማለፊያ አላመጣም። አሁን ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነው። አንድ ቀን የአንድ ጡረተኛ ቮልስ መጣች። በቸርኬዎቿ ዙሪያ የሚገጠሙት አራት የሚያብረቀርቁ ቀለበቶች ተጣመዋል፣ ደብዝዘዋል። ሰውዬው እንዲታደሱላቸው ፈለጉ። ልጁ አንዱን አበላሸ፣ ሦስቱን አዳነ። «ይህን ሥራዬ ላድርገው ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አባቱ ግን ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ሊያስተምሩት ቆርጠዋል። «ቀጥቃጭ ሆነህ ልትቀር ነው?» ብለውታል።

ወንድሜ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎችህን እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ስለዚህች ቃል እንነጋገር።

ጎጃም ያደገ ሰው ቃሏ ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ። ማረሻ የሚሠራልንን ሰው «ቡዳ ነው» እያልን ልጆቻችንን ከዓይኑ ስንሸሽግ ኖረናል። በዚያው ማረሻ አርሰን እንበላለን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ ግን ይኸው እናንተ ቤት ገበታ ላይ ቀረበ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እኔ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ስሠራ እናቴ ለጎረቤት «ቢሮ ገብታለች» ትል ነበር። ማታ ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ዘይት ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። አልፈረድኩባትም፣ የሰማችውን ነው የያዘችው። የቤት ኪራያችንን የከፈለው ግን ያ ቶርኖ ነው። በኋላ አስተማሪ የሆንኩትም በሱ ነው።

ስለዚህ አባትህን አክብረህ፣ ግን ሳትፈራ ንገራቸው፤ ባሕር ዛፉ አይሸጥ። አካውንቲንግ መጥፎ ትምህርት ሆኖ አይደለም። ስለ ሂሳብ ምን ጻፍክ ብዬ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቃል የለም። ስለ ቀለበቶቹ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ልጅ ለማይወደው ወረቀት የቤተሰብ ጥሪት አይፈስም። በፈተናው ደግሞ አንገትህን አትድፋ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.2 በመቶው ብቻ ነበር። የቀራችሁት ሁሉ ሰነፍ ናችሁ የሚል ካለ አልሰማውም።

አሁን ወደ እጅህ ልምጣ። ያሳመነኝ ያዳንካቸው ሦስቱ ቀለበቶች አይደሉም፣ ያበላሸኸው ነው። ምክንያቱን ራስህ ደርሰህበታል። ክሮም የተነከረ ተራ ብረት መሆኑን ሳታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግከው። ክሮም በጣም ስስ ልባስ ነው። አንዴ ከተላጠ በፍትጊያ አይመለስም፣ እንደገና መነከር አለበት። የቀሩት የማይዝግ ብረት ስለሆኑ ታገሱህ። ጥምዘዛውን ከኋላ በኩል፣ እንጨት አስደግፈህ፣ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ አቀናኸው። ከዚያ በውሃ እያራስክ ከሻካራው 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወደ 800፣ ወደ 1500፣ እስከ ለስላሳው 2000 ሄድክ። ማንም ሳያዝህ ቅደም ተከተሉን ጠበቅክ። ይህ ትዕግሥት ነው፣ ትዕግሥትን ደግሞ አስተምሬ አላውቅም፤ ይዞት የመጣ ተማሪ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክም። ስትገጥም የንፋስ መሙያውን ቀዳዳ አስቀድመህ አስተካክል፣ ከዚያ ዙሪያውን በመዳፍህ ወይም በጎማ መዶሻ እያፈራረቅክ አስገባ። ከኋላ ያሉት መያዣ ጥርሶች ላልተው ከሆነ ሳታጠብቃቸው እንዳትገጥም። የላላ ቀለበት ቸርኬው ላይ ይዞራል። ሲዞር የቀዳዳው ጠርዝ የንፋስ መሙያውን ጎማ ይቆርጠዋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ደስ የማይልህንም ልንገርህ። ቀለበት ብቻውን አያበላህም። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ተደምረው ስንት ቮልስ አላቸው? ያሉትም ቢሆኑ ቀለበት የሚያሳድሱት በዓመት ስንቴ ነው? ይህቺ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጆቹ 2003 ወጥታለች። ከእንግዲህ አትጨምርም። ግን ሌላውን እይ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ኮሮላና ፔጆ ሁሉ እየተጠገነ ሊኖር ነው። ያንን የሚጠግነው ባትላሜራ፣ የተጣመመ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቀናው ባለሙያ ነው። አንተ ባትላሜራ ሁን። ቀለበቱን ደንበኛ የሚያውቅህ ምልክትህ አድርገው።

ለዚህ ደግሞ ወረቀት ያስፈልግሃል። እዚያው ከተማህ ያለው ፖሊ ቴክኒክ ሄደህ የአውቶሞቲቭና የብረታ ብረት ስልጠና ጠይቅ። የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈተን። በልምድ ብቻ የሠራ ጎበዝ ሰው ጨረታ ሲወጣ፣ መሥሪያ ቤት ሲቀጥር፣ በር ላይ ሲቀር አይቻለሁ። እጅም ወረቀትም ይኑርህ።

አዲስ አበባ ልሂድ ወይ ላልከው፣ ገና ነህ። ማለስለሻ ማሽን በብድር ልግዛ ላልከው፣ አይሆንም፤ ለጊዜው ማሽን ያለው ሰው ጋ በሰዓት ተከራይ። ክሮም በጓሮ ልንከር ላልከው በጭራሽ! እንፋሎቱ ካንሰር ያመጣል። ለሚያውቁት ከፍለህ አስነክር።

አባትህ ለብቻህ ብትነግራቸው እሺ አይሉ ይሆናል። እንደ ወጋችን ሽማግሌ ላክባቸው። ሽማግሌው የቮልሷ ባለቤት ይሁኑ። በእግር አይምጡ፣ ቮልሷን እየነዱ ይምጡና ደጃፋችሁ ላይ ያቁሟት። ቡናው እስኪፈላ አባትህ ወጣ ብለው ጎማዎቹን ይዩ።