ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ የእርስዎ አምፖል ከደመቀ

ደሴ፣ ጦሳ ሥር የሚኖሩ እናት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በመጣ ቁጥር መብራታችን ይደበዝዛል፤ ጎረቤቶች ምጣድ ሲጥዱ ደግሞ ያለ ልክ ይደምቃል። ቴሌቪዥኑም ተቃጠለ። ቴክሳስ ያለው ልጄ ብርድ መስመር ያበላሻል ይለኛል። እውነት ነው?»

እናቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ ውስጥ የጋዝ ጉድጓዱም ማመንጫውም በረዶ ያዘው፤ በዚያው ሰዓት ሰዉ ሁሉ ቤቱን ለማሞቅ ኃይል ፈለገ። መላው መስመር እንዳይወድቅ ብለው ብዙ ሰፈር አጠፉ። የእርስዎ ችግር ግን ማመንጫ ድረስ አይሄድም፤ እዚያው ሰፈራችሁ ምሰሶ ላይ ነው።

መደብዘዝ ብቻ ቢሆን መስመሩ ተጨናንቋል እል ነበር። ያስደነገጠኝ መድመቁ ነው። ይህ የኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከየቤቱ ወደ ትራንስፎርመር የሚመልሰው የጋራ ሽቦ፣ መላላት ወይም መበጠስ ምልክት ነው። በክረምት ነፋስ ሽቦውን ያወዛውዘዋል፤ አሉሚኒየምና መዳብ እንዲሁ ተጠምዝዘው የተቀጠሉበት ቦታ ደግሞ ውሃ ሲገባው እየተበላ ይላላል። ኒውትራሉ ሲጠፋ የእርስዎ ቤትና በሌላ ፌዝ (ኃይል በሚያመጣው ሌላ ሽቦ) ላይ ያለው ጎረቤት 380 ቮልት ይካፈላሉ። ክፍፍሉ እኩል አይደለም፤ ብዙ የሚስበው ምጣድ ትንሹን ቮልት ይወስድና ትልቁ በእርስዎ ቴሌቪዥን ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አምፖሉ ሲደምቅ ካዩ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ያውርዱ። ራሱ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ፤ ብሬከር የቮልት መብዛትን አያውቅም። ተራ ስታብላይዘርም 300 ቮልት ሲመጣበት አብሮ ሊቃጠል ይችላል። ለመብራት ኃይል ሲደውሉ «መብራት አስቸገረን» ብቻ አይበሉ፤ «ኒውትራል ሳይቋረጥ አልቀረም፣ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ የእኛ ይደምቃል» ይበሏቸው፤ ሠራተኞቹ ቅጥሉን ይፈትሹታል። ቆጣሪዎ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ብልሽቱ ግቢዎ ውስጥም ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሻን ያሳዩ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ማንም «ላስተካክልልሽ» ብሎ ኒውትራሉን ከውሃ ቧንቧ ጋር እንዳያስርብዎ። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ በቧንቧዎ ይመለሳል፤ ቧንቧ ሊከፍት የሄደ ልጅ ሊሞት ይችላል።

መስመሩ ከተጠገነ በኋላ ከቆጣሪው ቀጥሎ የቮልቴጅ መከላከያ ያስገጥሙ፤ ከ190 በታችና ከ250 በላይ ሲሆን እንዲቆርጥ ይሞላልዎ። ማቀዝቀዣ ካለዎት መብራት ከተመለሰ በኋላ 5 ደቂቃ ቆይቶ እንዲያስገባ ያድርጉት።