በድቀት ዘመን ስለ መንግሥት ወጪ ለምትከራከሩ ወጣቶች

የአንድ ወዳጄ ልጅ በቅርቡ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ኢኮኖሚው ሲወድቅ መንግሥት ወጪውን ይጨምር ወይስ ይቀንስ? በዩኒቨርሲቲው የክርክር ቡድን ለእኔ የደረሰኝ ‹ይቀንስ› የሚለው ወገን ነው፤ የትኛው ነው የሚያሸንፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳኞቹ ማንን እንደሚያስቀድሙ እንደማላውቅ ነግሬ፣ የሚጠቅሟትን ጥቂት ነገሮች ጠቁሜ ተሰናበትኳት። «የትኛው ነው የሚያሸንፈው» የሚለው አነጋገሯ ግን አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ስለ ማሸነፍ ብቻ በሚጨነቅ ክርክር መካከል አንዲት ሴት ያነሣችው ትክክለኛ ጥያቄ ተውጦ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን ደብዳቤ ለእሷና ለእኩዮቿ የምጽፈው በዚሁ ቁጭት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደይ ወራት በዋሽንግተን ዙሪያ በሚገኝ አንድ ካውንቲ፣ ማለትም ከስቴት በታች ባለ የአካባቢ አስተዳደር፣ የበጀት ባለሙያ ነበርኩ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ባንክ ከከሰረ ወራት አልፈዋል፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ከ2008 ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወለዱን ወደ ዜሮ ስላስጠጋው ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህ የሁሉም ዓይን ወደ መንግሥት በጀት ዞረ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በየካቲት 17 የፈረሙት ኢኮኖሚውን የማነቃቂያ ሕግ 787 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተገምቶ ነበር። በተወካዮች ምክር ቤት ከሪፐብሊካኖች አንድም የድጋፍ ድምፅ አላገኘም፤ በሴኔት የደገፉትም ሦስት ብቻ ነበሩ። በየምግብ ቤቱና በየታክሲ ተራው የእኛም ሰው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር።

በዚያው ክረምት ከመኪና ማቆሚያና ከሆቴል ሠራተኞች ጋር የምጥለው ዕቁብ ፈረሰ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሌሎቻችን እጣውን እየሸፈንን እናሻግረው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሁሉም የሥራ ሰዓት በአንድ ላይ በመቀነሱ ለሌላው የሚሸፍን ጠፋ። የዕቁቡ ዳኛ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ፣ «ሁላችንም በአንድ ቀን እጃችንን ከሰበሰብን ማን ለማን ይጥላል?» ብለው ነበር። የአንዱ ወጪ ለሌላው ገቢ መሆኑን ከዚህ አሳጥሮ ያስረዳኝ የኢኮኖሚክስ መምህር የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልመለስ። የፌዴራሉ መንግሥት ገቢው ሲጎድል መበደር ይችላል፤ ስቴቶች ግን ከቨርሞንት በቀር ሁሉም በአንድም በሌላም መልኩ በጀታቸውን እንዲያመጣጥኑ ይገደዳሉ፤ የእኛም ካውንቲ ሕግ ይህንኑ ያዝዝ ነበር። የቤት ዋጋ ሲወድቅ የንብረት ግብሩ ውሎ አድሮ አብሮ ይወርዳል፤ ሰው መግዛት ሲያቆም የሽያጭ ታክሱም እንዲሁ። ስለዚህ ኮንግረስ በአንድ በኩል ገንዘብ ሲያፈስ፣ እኛ በሌላ በኩል መምህር፣ ነርስና ሾፌር ለመቀነስ ሠንጠረዥ እናዘጋጅ ነበር።

በሚያዝያ በተደረገው የሕዝብ ውይይት ላይ አንዲት የሀገራችን ልጅ ተራዋን ጠብቃ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበች። በአንድ ሆቴል የማታ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቷ የሚወስዳት የአውቶቡስ መስመር ከሚታጠፉት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በእጇ የያዘችውን ወረቀት ሳታነብ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ከፌዴራል መንግሥት ለአውቶቡስ ገንዘብ እንደመጣ በጋዜጣ አንብቤአለሁ፤ አዳዲስ አውቶቡሶች ልትገዙ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ታዲያ የእኔን አውቶቡስ ለምን ታቆሙታላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

መልሱ ፊት ለፊቴ በተቀመጠው ሰነድ ውስጥ ነበር። ሕጉ ለሕዝብ ትራንስፖርት የመደበው 8.4 ቢሊዮን ዶላር ከሞላ ጎደል በሙሉ ለካፒታል በጀት የተወሰነ ነበር፤ አውቶቡስ መግዛትና ጣቢያ ማደስ ይፈቀዳል፤ የሾፌር ደመወዝና ነዳጅ ግን መደበኛ በጀት በመሆናቸው በዚያ ገንዘብ መሸፈን አይቻልም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ያለ ምክንያት እንዲህ አላደረጉም፤ ለጊዜው የመጣ ገንዘብ ቋሚ ወጪ ተክሎ እንዳይሄድ ሠግተው ነው፤ ሥጋቱም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በአካባቢ አስተዳደር ውስጥ ድቀት በመጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ መደበኛ በጀት ነውና፣ ገንዘቡ በተሳሳተው በር ገባ።

የውይይቱ ሰብሳቢ «እሱ ለሌላ ጉዳይ የተመደበ ነው» ብለው አለፏት። ቀጥለው የተነሡት አንድ አዛውንት፣ ቤተሰብ ገቢው ሲጎድል ወጪውን እንደሚሰበስብ ሁሉ መንግሥትም መሰብሰብ አለበት ብለው ስለ ዕዳ በሰፊው ተናገሩ። እሳቸውን ተከትሎ አንድ መምህር ማነቃቂያው እጥፍ መሆን ነበረበት ብሎ ሞገታቸው። አዳራሹ በጭብጨባና በጉምጉምታ ተከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማይክሮፎኑ የወጡት ሁሉ ከሁለቱ ለአንዱ መልስ ሰጪ ሆኑ። ተናጋሪዎቹ ያወቁና ያነበቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም የካውንቲው ምክር ቤት በዚያች ምሽት ሊወስነው ስለሚችለው ጉዳይ ማንም አልተናገረም። እኛ ባለሙያዎች ካልተጠየቅን መናገር አይፈቀድልንም ነበር፤ የጠየቀንም የለም። ሴትዮዋ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ውይይቱ ሳያልቅ ወጣች።

አዲሱ የበጀት ዓመት በሐምሌ ሲጀምር መስመሩ ተዘጋ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኮንግረስ ሌላ የበጀት ሕግ ሲያጸድቅ፣ የትራንስፖርት ድርጅቶች ከማነቃቂያው ገንዘብ እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ለሥራ ማስኬጃ እንዲያውሉት ፈቀደ። የትራንስፖርት ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ያችው ሴት የጠየቀችውን ጥያቄ አጥብቀው በመጠየቃቸው የመጣ ለውጥ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን በጀቱ ጸድቆ፣ ሾፌሮቹም የስንብት ደብዳቤ ተቀብለው ነበር። አዲሶቹ አውቶቡሶች በኋላ መጡ፤ በቀን መስመሮች ላይ ተሰማሩ።

የዛሬ ወጣቶች በእኛ ዘመን ያልነበረ የመረጃ ሀብት በእጃችሁ አለ፤ ግን ብዙዎቻችሁ ንባብ የምትጀምሩት ጎራ ከመረጣችሁ በኋላ ነው፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። «ይጨመር» ወይም «ይቀነስ» ከማለት በፊት ገንዘቡ በየትኛው በጀት እንደሚገባ፣ መቼ እጅ እንደሚደርስ፣ የትኛው የመንግሥት እርከን በዚያው ሰዓት በሌላ እጁ እየቀነሰ እንደሆነ፣ መቼም እንደሚያበቃ ጠይቁ። ሰነድ አንብቡ ብዬ አልመክራችሁም፤ ይህ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

በግምት ቁጥሮችም አትመኩ። የኦባማ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ማነቃቂያው ከጸደቀ ሥራ አጥነቱ ከ8 በመቶ እንደማያልፍ በጥር 2009 ተንብየው ነበር፤ በጥቅምት 10 በመቶ ደረሰ። ተቃዋሚዎች ይህንኑ ይዘው ፖሊሲው ከሽፏል አሉ። ነገር ግን በ2008 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ኢኮኖሚው በዓመታዊ ስሌት 3.8 በመቶ ወረደ ተብሎ መጀመሪያ የተነገረው፣ መረጃው ከተጣራ በኋላ ከ8 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ጉድጓዱን የሚሞሉትም የሚነቅፉትም ጥልቀቱን ሳያውቁት ነበር የሚከራከሩት።

ሆኖም ቁጥርን አጥብቆ የመረመረ አንድ ወጣት ሽማግሌዎቹ ያላደረጉትን እንዳደረገ መዘንጋት አልፈልግም። በ2010 ሁለት የሐርቫርድ ፕሮፌሰሮች የመንግሥት ዕዳ ከሀገራዊ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ከዜሮ በታች እንደሚወርድ የሚያሳይ ጥናት አወጡ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ወጪ ይቀነስ ያሉ ፖለቲከኞች ደጋግመው ጠቀሱት። በ2013 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ቶማስ ሄርንደን ለክፍል ሥራ ስሌቱን ሊደግመው ሞክሮ አቃተው፤ ፕሮፌሰሮቹን ጠይቆ ሠንጠረዡን ሲያገኝ አምስት አገሮች ከድምሩ ውጭ ቀርተው አየ። ከአስተማሪዎቹ ጋር ይህንንና ሌሎች ችግሮችን ሲያርሙ አማካዩ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 2.2 በመቶ ሆነ። ዕዳ የበዛባቸው አገሮች በአማካይ ዝግ ብለው ማደጋቸው ከእርማቱም በኋላ አልተለወጠም፤ የተናደው አስፈሪው ገደብ ነው።

ወደ ወዳጄ ልጅ ክርክር ልምጣ። ከላይ የጻፍኩትን ያነበበ የወጪ ጭማሪ ደጋፊ አድርጎ ይወስደኛል፤ በ2009 በእርግጥም ነበርኩ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1937 ኢኮኖሚው ከታላቁ ድቀት ሳይጠና ወጪ ሲቀንስና ማዕከላዊ ባንኩም ሲያጠብቅ ድቀቱ ተመልሶ መምጣቱን የሚያውቅ ሰው ሌላ ወገን መያዝ ይቸግረዋል። በ2021 ግን ለኮሮና ወረርሽኝ ማገገሚያ የወጣው የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር ሕግ ሲጸድቅ ልቤ ከ«ይቀንስ» ባዮቹ ጋር ነበር። ኢኮኖሚው እያገገመ ነበር፤ ቀደም ሲል የተሰጠው ገንዘብም ገና በሰው እጅ ላይ ነበር። የዋጋ ንረቱ በሰኔ 2022 9.1 በመቶ ሲደርስ የዕቃ አቅርቦት መስተጓጎልና የዩክሬን ጦርነት ድርሻ እንዳላቸው አልክድም፤ የዚያ ወጪ ድርሻም እንዳለበት ግን አምናለሁ። ስለዚህ «ይቀንስ» የሚለው ወገን ለደረሰው ተከራካሪ ጠንካራው ምሽግ የ2009 ሳይሆን የ2021 ታሪክ ነው፤ እሱንም ሲያነሣ በ2009 ለምን እንደማይሠራ ቀድሞ ቢናገር ተቃዋሚው የሚይዘው ያጣል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ካውንቲዎቻችሁ በየዓመቱ በጸደይ የበጀት የሕዝብ ውይይት ያደርጋሉ፤ ለመናገር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ተመዝገቡ፤ ወላጆቻችሁን የሚነካውን አንድ የወጪ መስመር ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ ሰብሳቢው «ለሌላ ጉዳይ የተመደበ ነው» ብሎ ሲያልፋችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተመደበ ባለሙያው ተጠይቆ እንዲመልስ ጠይቁ።